ውዳሴ ላት

የጥር ሠርግ አልቆ የቪዲዮ ሥራ ሲደራረብ ከካሜራ ባለሙያዎች የሚደርሰኝ መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ፉቴጁ ሎግ ነው፣ ላት ጣልበትና ማታ ላክልኝ።» የበግ ላት አይደለም። ቀለም ተቀብላ በምትኩ ሌላ ቀለም የምትመልስ የቁጥር ሠንጠረዥ ናት። በቴሌግራም ቻናል በመቶዎች ታጭቃ በነጻ ትወርዳለች፤ ስሟ ላይም «ሲኒማቲክ»፣ «ሙዲ»፣ «ሆሊውድ» ከሚሉት አንዱ አይጠፋም። ኤዲተሩ ይጎትታታል፣ ቪዲዮው ላይ ይለቃታል፣ ሠርጉ ቡናማ ይሆናል፣ ሒሳብ ይከፈላል።

ለዚህች ፋይል የሚገባትን ምስጋና ያቀረበላት ሰው እስካሁን ስላላየሁ ዕዳውን እኔ ልክፈል።

ከስንት ድካም ገላግላናለች! ሮጀር ዲኪንስ የሚባለው እንግሊዛዊ የካሜራ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ለወጣው የኮይን ወንድማማቾች ፊልም፣ ለ«ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው»፣ የሚሲሲፒን የለመለመ ቅጠል አድርቆ አቧራ የጠጣ ወርቅ ለማስመሰል ሳምንታት ፈጅቶበታል። ታሪኩ የሚካሄደው በ1930ዎቹ የችግር ዘመን ስለሆነ ድርቀቱ ምክንያት ነበረው። ሰውየውም ትዕይንቱን አንድ በአንድ እያየ ነበር የሚሠራው። እንዴት ያለ ጊዜ ማባከን ነው! የእኛ ሰፈር ልጅ ያንኑ ድርቀት በአንድ ጠቅታ ያመጣዋል፤ ያውም ማንም ሳይጠይቀው፣ ያውም ለመልስ።

ሎግ የሚባለውን አቀራረጽ ያመጡት ሰዎችም እንዲሁ የማሰብ አባዜ ነበረባቸው። ኮዳክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሲኒዮን ሥርዓቱ የፊልም ኔጋቲቭን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ የብርሃኑን ስፋት በሎጋሪዝም አጥፎ ማስቀመጥ ጀመረ። ዛሬ ሶኒም፣ ካኖንም፣ ፓናሶኒክም፣ ዲጄአይም የየራሳቸው ሎግ አላቸው፤ አይፎንም ከ15 ፕሮ ጀምሮ ተቀላቅሏቸዋል። የእያንዳንዱ አጣጠፍ ለየቅል ነው። በሶኒ ኤስ-ሎግ 3 ነጭ ነጠላ ከ100 ላይ 61 አካባቢ ያርፋል፣ ጥቁሩም ዜሮ አይነካም፤ ጥሬው ምስል ጉም የዋጠው የሚመስለው ለዚህ ነው። ጉሙ ጉድለት አይደለም። በነጠላው ላይ ያለው የፀሐይ ብልጭታ፣ በካባው እጥፋት ውስጥ ያለው ጥላ፣ ሁለቱም ሳይጠፉ እንዲደርሱልን የተደረገ ነው። ከዚያ በኋላ የታጠፈው በታጠፈበት መንገድ ይዘረጋል። ለኤስ-ሎግ 3 የተሠራ መዘርጊያ ለኤስ-ሎግ 3 ብቻ ነው። መልክ መስጠት፣ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ ማሳዘን የሚባለው ሁሉ የራሱ ቦታና የራሱ ተራ አለው።

የላት ምእመናን ይህን ጣጣ ንቀው ትተውታል። የካኖኑን በሶኒው፣ የሶኒውን በዲጄአዩ ይዘረጉታል። የሙሽራው አጎት በስልኩ የቀረጸው፣ ሎግ ይሁን ሎሚ የማይታወቅ ቪዲዮም ከዚያችው ላት ይቋደሳል። አንዷ ካልበቃች ሌላ ይደረብባታል፤ ቲክቶክ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ የቲክቶክ ማጣሪያ ይጨመራል። ከታች ያለው ምስል መተንፈሻ ካጣ ሥራው ተሳክቷል፤ «ሲኒማቲክ ሆነ» ይባላል።

ሠንጠረዧን ከውስጥ ላያት ደግሞ ትሕትናዋ ያስገርማል። የተለመደችው ላት በየጎኗ 33 ነጥብ ያላት ኩብ ናት፤ ሲባዛ 35,937 ነጥብ። ባለ 10 ቢት ካሜራ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የቀለም ውሕድ ሊጽፍ ይችላል፤ በነጥቦቹ መካከል የሚወድቀው ሁሉ ከጎረቤቶቹ ተሰልቶ ይሞላል። ስሌቱ ራሱ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ከእነዚያ 35,937 ነጥቦች አንዱም ዶሮ ወጥ አይቶ አያውቅም።

ወደ ዶሮ ወጡ እንምጣ፤ የላት ትሩፋት በሙሉ ክብሩ የሚገለጠው እዚያ ነውና። «ሙዲ» የሚባሉት ላቶች ሥራቸው በአጭሩ አረንጓዴን ማድረቅ፣ ቀይን ወደ ብርቱካን ጎትቶ ሳቹሬሽኑን ማውረድ፣ ነጭን ማደብዘዝ ነው። እንግዲህ የሙሽራዋ እናት ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ በርበሬ ስታበስል፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ደጋግማ ስታጥብ ያደረችበትን ድስት አስቡት። ቀይ ነው፤ ቅቤው ከላይ ጠርቶ ያበራል። ካሜራው በዝግታ ይጠጋዋል፣ ጭልፋው ይነሣል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ላት ይጣልበታል። ቀዩ ቡናማ ይሆናል፣ ቡናማው ይፈዛል፣ ቅቤው ይጠፋል። ዕንቁላሉ ወይቦ አንድ ጎኑ ብቻ ብቅ ይላል።

ሽሮ በድንች።

ቪዲዮው ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። የሙሽራዋ አክስት ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ትከፍተዋለች። ወጡ ጋ ስትደርስ ታቆመዋለች። ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ታየዋለች። ጎረቤቶቹ ጨዋ ስለሆኑ ስኒያቸውን ይመለከታሉ። ስልክ ታነሣለች፤ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «እትዬ፣ ቸግሯችሁ ነበር? ምነው ሳትነግሩኝ? እኔ በሕይወት እያለሁ ለልጄ ሠርግ ሽሮ?» እናትየዋ ከእንቅልፏ ነቅታ «ምን ነካሽ፣ ሃያ አራት ዶሮ ነው የታረደው» ብትል ማን ይሰማታል? ካሜራው አለ። ቪዲዮው አለ። አክስት ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ ታድርና ከድህነት የባሰ ነገር ይመጣላታል፤ ሽሮ ከነበረ ጾም ነበር፣ ጾም ከነበረ ሠርጉ በጾም ተደርጓል። በማግሥቱ ለነፍስ አባት ይደወላል።

አባ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሳላይ አልፈርድም ብለው ቪዲዮውን ያስልካሉ። በስልካቸው ከፍተው ሲያዩ ራሳቸውን መካከል ላይ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ሽሮ ቀርቦ፣ በደስታ ሲጎርሱ ያገኙታል። በዕለቱ አንድ ፈረሰኛ በልተው እንደነበር ትዝ ይላቸዋል። ግን ትዝታ ምን ዋስትና አለው? ንስሐ ይግቡ አይግቡ ግራ ገብቷቸው ሳለ ወሬው የሙሽራው ወገን ዘንድ ይደርሳል። «ለካ ለዚያ ነው የቀለለን» ይላል አንዱ አጎት። ጋብቻውን ያስማሙት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው እንደገና ይላካሉ። እናትየዋ ዶሮ ነጋዴውን በምስክርነት ታስጠራለች፤ ላባ የጣለችበትን ከረጢት ታስፈልጋለች። ነገሩ ወደ ዕድር ያመራል፤ ዕድሩም ከረጅም ክርክር በኋላ ይወስናል፤ ከእንግዲህ ለሠርግ ሁለት ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለካሜራ። የካሜራው ወጥ በቀይ ሥር ጭማቂ ይጠነክራል፣ ዕንቁላሉ በኖራ ይነጻል፣ ማንም አይቀምሰውም። ዓመት ሳይሞላ የተከበሩ እንግዶች «እኛም ከካሜራው ወጥ ይቅረብልን» ማለት ይጀምራሉ፤ ዘመድ የሚያያቸው በእሱ ነዋ። ወጥ ሠሪዋም ሥራ ስትቀበል የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይለወጣል፤ «በሶኒ ነው የሚቀረጸው በካኖን? ሎጉ የትኛው ነው?»

ከካሜራ ባለሙያው እስከ ኤዲተሩ ድረስ ይህን ጥያቄ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ትሆናለች።

ሌላው ትሩፋት ሁሉ ከዚህ ያነሰ ነው። ቄጤማው ጭድ ይሆንና ሙሽሮቹ በረት ውስጥ የተሞሸሩ ይመስላሉ። እንጦጦ ላይ የተነሡት ደግሞ ከውጭ ያለ ዘመድ «ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ እንዴ?» ብሎ እንዲጨነቅ ያደርጋሉ። የሙሽራዋ እኅቶች ከሽሮ ሜዳ ከሱቅ ሱቅ ዞረው የመረጡት የጥበብ ቀለም ለማንም ሳይታይ ይቀራል። ካሜራው ባለ 8 ቢት ከሆነ በየቀለሙ ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው፤ ያንን በሎግ አጥፎ በላት ሲለጥጡት ሰማዩ እንደ ደረጃ ይሰነጣጠቃል። ይህም «የፊልም ስሜት» ነው ተብሎ ይታለፋል።

ፊት ላይ ግን ልቀልድ አልችልም።

አንድ የሠርግ ፎቶ ውስጥ ስንት ዓይነት መልክ አለ? ጠይሟ እናት፣ የቀይ ዳማው አባት፣ ጥቁሩ ሚዜ፣ ቀይዋ አያት። ቬክተርስኮፕ በሚባለው መለኪያ ላይ የሰው ፊት፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ ወደ አንድ መስመር ተጠግቶ ይወድቃል፤ የሚለያየው በድምቀቱና በሳቹሬሽኑ ነው። ያለ ቦታዋ የተጣለች ላት የምታጠፋውም ይህንኑ ልዩነት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት የተጠበሰ ብርቱካን ሆነው ይወጣሉ፤ ጥቁሩ ሚዜ ደግሞ ከነሱፉ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል። ካሜራው የሰጠው ጥላ ውስጥ ዓይኑ ነበር፣ ፈገግታው ነበር። ተጥሏል።

ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት የማተሚያ ቤቶችን ቀለም የሚያስተካክለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ቡናማ ቀለም በፊልሙ ላይ በደንብ አይወጣም ብለው ቅሬታ ካቀረቡት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙባቸዋል። ይህን ስንሰማ እንቆጣለን፤ መቆጣትም ይገባናል። ከዚያ ቁጭ ብለን፣ ማንም ሳያስገድደን፣ ጉም በሸፈነው የባሕር ዳርቻ በቆመች ባለ ወርቃማ ፀጉር ልጅ ላይ የተሞከረ ላት እናወርድና የገዛ እናታችን ፊት ላይ እንጥለዋለን። ይህ ስንፍና ነው። የጥበብ ምርጫ አይደለም፣ ስልት አይደለም፣ ስንፍና ነው።

«ደንበኛው ነው ሲኒማቲክ አድርግልኝ ያለኝ» የሚል መልስ እሰማለሁ። ደንበኛው ቃሉን የተማረው ከእናንተ የማስታወቂያ ቪዲዮ ነው። «ጊዜ የለም» የሚልም አለ። ጊዜ የለም የሚለው ሰው ያንኑ ቪዲዮ በሁለት ላት መካከል ሲያወላውል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ የትኛው ቡናማ ይበልጥ ቡናማ እንደሆነ ለመለየት።

ሥራው የሚከብድ ቢሆን እሺ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚወርድ ቅጂ አለው፤ ሶኒም ሆነ ሌሎቹ የየሎጋቸውን መዘርጊያ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። መጀመሪያ ካሜራው የትኛውን ሎግ እንደቀረጸ ታውቃለህ። በዚያው ትዘረጋለህ። ብርሃኑንና ነጩን ታስተካክላለህ፣ መለኪያውን ታያለህ፣ ፊቱን ታያለህ፣ ከዚያ በኋላ መልክ መስጠት ካማረህ ትሰጣለህ፤ ላትም ከሆነች እዚያ ላይ፣ ቀንሰህ፣ ከትዕይንት ትዕይንት እየተመለከትክ። ላት ራሷ ጥፋት የለባትም። ሎግ መዘርጋት የማትችል ከሆነ ግን ሎግ አትቅረጽ። ካሜራህ ያለ ሎግ በመደበኛው ቀለም የሚቀርጽበት አማራጭ አለው፤ ብርሃኑን ከጠበቅህ ወጡ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ እናትም እናትን ትመስላለች።

ዘንድሮ ለምትዳሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከቪዲዮ ባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ ስለ ድሮኑና ስለ አልበሙ ገጽ ብዛት ከመከራከራችሁ በፊት በየትኛው ሎግ እንደሚቀርጽና በምን እንደሚዘረጋው ጠይቁት፤ ከዚህ በፊት ከሠራው ሠርግም የሙሽራዋን እናት ፊት አሳየን በሉት። «አታስቡ፣ ላት አለኝ» ካላችሁ ቀብድ አትስጡት።