ከመጋረጃው ፊት 70 ደቂቃ

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤
ሞጣ

ከአውሮፕላን የፊት ወንበር ላይ ሆኜ ለእናቴ በስልክ የላክሁላት ፎቶ ከቢቸና ተነሥቶ ሞጣ መድረሱን ሰምቻለሁ። ወሬው መንገድ ላይ እየተባዛ ሄዶ፣ እርስዎም በእድር ላይ «የእህትዎ ልጅ ሚኒስትር ሆነ አሉ» ተብለው እንኳን ደስ ያለዎ እንደተባሉ ነግራኛለች። ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ በስልክ የተጀመረ ነገር መቋጫ ስለማያገኝ፣ እውነቱን ወደ አገር በሚመጣ ሰው እጅ በጽሑፍ ሰድጄልዎታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ኮሪያዊ ጄጁ በምትባል ደሴት ላይ ሠርግ ደግሶ ጠራኝ። ደሴቲቱ ከሴኡል በስተደቡብ፣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባሕር መሀል የተቀመጠች ናት። በአውሮፕላን 70 ደቂቃ ያህል ነው። ከሴኡል ጊምፖ ተነሥቶ ጄጁ የሚያርፈው መስመር፣ ያምኑኛል አያምኑኝም፣ ከዓለም ሁሉ መንገደኛ የሚበዛበት ነው። ለንደንና ኒውዮርክ አይደርሱበትም። አንዱ አውሮፕላን ሳይነሣ ሌላው ጎማውን አውርዶ ይጠብቃል። ይህም ሆኖ ዕለቱ ዓርብ ማታ ነበርና ወንበሩ ሁሉ ተሽጦ አለቀ፤ የተረፈው ከፊት፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ቢዝነስ ክላስ» የሚሉት ብቻ ሆነ። ሠርግ ተጠርቶ መቅረት ደግሞ በእኛ ቤት አልተለመደም። ከፈልኩ። ስንት እንደከፈልኩ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ልጅ አፉን ስለማላምነው ነው።

ጊምፖ ስደርስ መቶ ሰው በተሰለፈበት አዳራሽ ለእኔ ብቻ የተለየ መስኮት ተከፍቶ ቆየኝ። አንድም ሰው አልተሰለፈበትም። እግሬ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ሲያመራ ዘበኛው መለሰኝ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። የጎጃም ሰው በሰላምታ አይረታምና እኔም ጎንበስ አልኩ። እሷ ደገመች፤ እኔም ደገምኩ። እርስዎ ከንስሐ አባትዎ ጋር በር ላይ «ይግቡ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ» ስትባባሉ ወጡ እንደሚቀዘቅዘው ሁሉ፣ እኛም እዚያው ስንሰጋገድ ከኋላዬ የመጣ አንድ ሽማግሌ እስኪያስል ድረስ አልተላቀቅንም። ከዚያ ማረፊያ ክፍል አስገቡኝ። ብስኩትና ጋዜጣ አለ፤ ጋዜጣው በኮሪያኛ ነው። ቡናውን ማሽን ይቀዳዋል፣ ከረጢቱ ላይ «ይርጋ ጨፌ» የሚል አለበት። እዚህ አገር የእኛ ቡና ስሙ ያልተሰቀለበት ቡና ቤት ማግኘት ይቸግራል። ዕጣን ይቅርና ፈንዲሻ እንኳ የለውም እንጂ ቡናውስ ቡና ነው።

መሳፈሪያው ሲደርስ ከሁሉ በፊት ስሜ ተጠራ። ሕዝቡ እያየኝ ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ። በሩን ስወጣ ግን የጠበቀኝ አውቶቡስ ነው፤ አውሮፕላኑ ከሜዳው ማዶ ቆሟል። ቀድሜ ስለገባሁ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ፤ ከኋላዬ ሕዝቡ እየገባ እየገባ መስኮቱ ላይ አጣበቀኝ። አውሮፕላኑ ዘንድ ስንደርስ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ወረደ፣ መጀመሪያ የገባሁት እኔ መጨረሻ። ከፊት ለመቀመጥ የከፈልኩትን ገንዘብ እያሰብኩ ከሁሉ ኋላ ደረጃውን ወጣሁ።

ወንበሩስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ወንበር ነው። ሁለት ሰው ይይዛል፤ እኔን ለብቻዬ ሲይዘኝ ደግሞ ጎኔ ባዶ ቀረ። እግሬን ብዘረጋ የፊተኛውን አልነካውም። አስተናጋጇ መጥታ እንደገና እጅ ነሣችኝ፤ ቀበቶ ታስሬ ስለነበር አጸፋውን በአንገቴ ብቻ መለስኩ። ከዚያ መጋረጃው ተሳበ። አጎቴ፣ የከፈልኩት ለዚያች መጋረጃ ነው። ሁለት ክንድ የማትሞላ ግራጫ ጨርቅ ናት፣ ጫፏ በመግነጢስ ይያያዛል፤ ከወዲያ ያለው ሰው ሲያስነጥስ ከወዲህ ይሰማል። ራት ይመጣል ብዬ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣ እጄን ታጥቤ ጠበቅሁ። የመጣው የብርቱካን ጭማቂ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ወዲያም ያው ጭማቂ ሲታደል ሰማሁ። የእኔ በብርጭቆ፣ የእነሱ በወረቀት ኩባያ። ብርጭቆዬን ሳልጨርስ «ለማረፍ ተቃርበናል፣ ጠረጴዛችሁን እጠፉ» ተባለ።

በእኛ አገር ድግስም መደብ አለ፤ እሱን አልክድም። ካህናቱና ሽማግሌው ከዳሱ ራስጌ፣ ጎረምሳው ከበሩ አጠገብ። ላይኛው ጠጅ በብርሌ ሲጠጣ ታችኛው ጠላ በጣሳ ይጨልጣል። ግን ልብ ይበሉ፣ ራስጌ የተቀመጠው በሽበቱ ወይም በክህነቱ ነው እንጂ በር ላይ ሒሳብ ከፍሎ አይደለም። ደግሞም ሽንጡና ታላቁ ቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ነው። እዚህ ራስጌ ተቀምጬ የደረሰኝ ያው በር ላይ ላለው ሰው የደረሰው ነው። ይህን ያየ የቢቸና ሰው ቢሆን ኖሮ ድግሱን አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ሆኜ መሄጃ አጣሁ እንጂ።

እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት የእርስዎን ጨዋታ ነው። የእኛ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የያዛቸው ዳኮታ አውሮፕላኖች፣ መንገደኛው በጎንና በጎን በሸራ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባቸው ነበሩ፤ ጭነቱ መሀል ላይ በገመድ ይታሰራል። መጋረጃ የት ይሰቀላል? ደጃዝማቹም ነጋዴውም አንድ አግዳሚ ላይ ነው፤ መሀላቸው የቡና ጆንያ ወይም የቆዳ እስር። ሞጣ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ መጀመሪያ ከብቱ ይባረር እንደነበር ያወሩልንን አብረውኝ ለሚሠሩት ኮሪያውያን ብነግራቸው አላመኑኝም። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ሞጣ እስከ ዛሬ በዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ «ኦቲኤ» የምትል የራሷ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት፤ ጄጁ «ሲጄዩ» እንደምትባለው ማለት ነው። እኩል ሆንን።

ሰባራ ድልድይንም ነገርኳቸው። የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ተቆርጦ፣ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከዓባይ በላይ ከጎጃም ወደ በጌምድር ሲጎተት መኖሩን፣ እርስዎም እንዲሁ እንደተሻገሩ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚያን ገመድ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ፣ ከአገሩ መጥቶ በ1994 ዓ.ም. ስባሪውን አስጠገነው፤ በሌላው ዓለምም ለገጠር ሰው ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቆመ። አሁን ሳስበው የገመዱ መስተንግዶ ይሻላል። ከወዲህም ከወዲያም ያለው ሰው ለእርስዎ ለአንድዎ ብቻ ላቡን ያፈሳል። ይህን የሚያህል አስተናጋጅ በየትኛውም የፊት ወንበር የለም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነገር ነው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወታደሮቻችን ከጅቡቲ በአሜሪካ ወታደር ማጓጓዣ መርከብ ተጭነው፣ ሦስት ሳምንት ያህል ባሕር ላይ ከርመው ነው ፑሳን የወረዱት። ተራ በተራ ከ6000 በላይ መጥተው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ እጁን ለጠላት የሰጠ ግን አንድም የለም። በ1960 ዓ.ም. ጃንሆይ ራሳቸው ቹንቾን ከተማ ድረስ መጥተው የወታደሮቹ የመታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል። ዛሬም እዚያ ወንዝ ዳር «ኢትዮጵያ» የሚባል ቡና ቤት አለ፤ ስሄድ ባለቤቶቹ ሒሳብ ለመቀበል ያቅማማሉ። እነዚያ አባቶች በዚያ መርከብ ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቀው በመጡበት አገር፣ እኔ ለሠርግ ስሄድ እግር መዘርጊያ ገዛሁ።

ጄጁ ስናርፍ መጋረጃው ተገፈፈ። ከፊት የነበርነውም ከኋላ የነበሩትም በአንድ ደቂቃ አንድ መሬት ረገጥን። ሻንጣዬ ላይ «ቅድሚያ» የሚል ቀይ ወረቀት ተንጠልጥሎ ነበርና ቶሎ መጣልኝ፤ እሱ እውነት ነው። ከዚያ ግን አንድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁላችንም ቆምን።

ሠርጉ መልካም ነበር። በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ገንዘብ በፖስታ ይሰጣል፤ አንዱ ይቀበላል አንዱ ይመዘግባል፤ የእኛ ሰው ይህን ቢያይ አገሩ የደረሰ ይመስለው ነበር። በማግስቱ ሃላሳን የሚሉትን ተራራ አሳዩኝ። የደቡብ ኮሪያ ትልቁ ተራራ ነው፤ 1947 ሜትር። አናቱ ላይ ለመውጣት ጫማ፣ ዱላ፣ የውሃ ኮዳ ይገዛሉ፤ ሲወጡ ፎቶ ይነሣሉ። ቢቸና ገበያ ከ2400 ሜትር በላይ መሆኑን፣ እናቴ በርበሬ ልትሸጥ ከዚህ ተራራ በላይ በባዶ እግሯ እንደምትወጣና እንደምትወርድ፣ ጮቄ ደግሞ ከ4000 እንደሚያልፍ ስነግራቸው ዝም አሉ። እኔ ያን ዕለት ከፍ ያልኩት በዚያ ነው እንጂ በወንበሩ አይደለም።

ፍርዴን ልንገርዎ። 70 ደቂቃ ለሚፈጅ መንገድ የፊት ወንበር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ከኢንቸን አዲስ አበባ ያለው ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ እዚያ ላይ የፊት ወንበሩ አልጋ ሆኖ ይዘረጋል ይላሉ፤ እግዜር ሲፈቅድና ሎተሪ ሲወጣልኝ በዚያ እመጣለሁ። አዲስ አበባ ከደረስኩ በኋላ ወደ ባሕር ዳር አልበርም። መንገዱ ሰላም ከሆነ በዓባይ በረሃ ደጀን ወጥቼ በቢቸና በኩል ወደ እናንተ እዘልቃለሁ። ከደጀን የሚነሣውን ሾፌር እርስዎ ያውቁታልና አንድ ነገር ብቻ ይለምኑልኝ፦ ጋቢናውን ለእኔ ያስይዙልኝ።

የእህትዎ ልጅ፤
ሴኡል