ይመለሳል የምትሉ ፈርሙ

ሐበሻ ውጭ አገር የሚሄድባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። የትምህርት ዕድል ደርሶት ይሄዳል፤ ሐኪም ጽፎለት ይሄዳል፤ ለስብሰባ ተልኮ፣ ዲቪ ወጥቶለት፣ አግብቶ፣ ለሥራ ዐረብ አገር ይሄዳል። እነዚህን ሰው ሰምቶ "ይቅናህ" ይላል። "ዞር ዞር ብዬ አይቼ ልመጣ ነው" ያለ ሰው ግን ፊቱ ይጠናል። ወይ ገንዘብ ተርፎታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ።

እኔ ገንዘብም አልተረፈኝ፣ የምደብቀውም የለኝ። መሥሪያ ቤት ሻይ ስንጠጣ የሼንገን ቪዛ ነገር ተነሣና አንዱ "ለመሆኑ ሼንገን የሰው ስም ነው የቦታ?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም የተከለከለ ዘመድ አለን፤ መልሱን የሚያውቅ ግን ጠፋ። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጥ ሼንገን በሉክሰምበርግ ጫፍ፣ ከፈረንሳይና ከጀርመን መገናኛ ላይ፣ ሞዜል ወንዝ ዳር ያለች የወይን ገበሬዎች መንደር ሆና አገኘኋት። ሰኔ 7 ቀን 1977 ዓ.ም. የቤልጅየም፣ የፈረንሳይ፣ የምዕራብ ጀርመን፣ የሉክሰምበርግና የኔዘርላንድ ተወካዮች ወንዙ ላይ፣ "ልዕልት ማሪ አስትሪድ" በምትባል መርከብ ተቀምጠው በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ቀስ በቀስ ለማንሣት ተፈራረሙ። በዚያ ዘመን እኛ ከገዛ አገራችን ለመውጣት እንኳ የመውጫ ቪዛ እንለምን ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ያስለቀሰች አንዲት መንደር ከሆነች ሄጄ በዐይኔ ማየት አለብኝ አልኩ። ሰበቡ ይኸው ነው። እውነት ስለሆነ ማንም አላመነኝም።

የየትኛውን አገር ኤምባሲ እንደጠየቅሁ አልናገርም። ነገ ተመልሼ ልለምነው እችላለሁ።

ከማመልከቻ መቀበያው ፊት ለፊት "ፎቶ፣ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ትርጉም፣ ፎርም መሙላት" የሚል ታፔላ የሰቀለች አንድ ክፍል ቤት አለች። ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይበራሉ።

"የጉዞው ዓላማ?" አለችኝ።

"ጉብኝት።"

"እሱማ ለእነሱ የምንሞላው ነው። ለእኔ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አሞላሉ ስለሚለያይ ነው።"

"እውነቱም ጉብኝት ነው።"

ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አይዞዎት፣ እኔ ጋ የገባ ነገር አይወጣም" አለችኝ።

ፎቶውን እዚያው ተነሣሁ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ 35 በ45 ሚሊሜትር፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ፊት ከፎቶው ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚይዝ። ፎቶ አንሺው ግን በደንቡ ብቻ የሚቆም ሰው አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ሽበቴን አጠቆረ፣ ግንባሬ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ ደመሰሰ፣ መልኬን ቀላ አደረገልኝና "እንዲህ ሆነው ነው የሚሰጡት" ብሎ አተመልኝ። ማመልከቻ የተቀበለችኝ ሴት ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፎቶውን ደግማ አየች። "ታናሽ ወንድምዎ ናቸው?" ብላ መለሰችልኝ።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ አለ። "ባልደረባችን የዓመት ፈቃዳቸውን ሲጨርሱ ወደ ሥራ ገበታቸው የሚመለሱ መሆኑን እናረጋግጣለን" የሚል። የሰው ኃይል ኃላፊው ፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠኝና ቀለሙ ሳይደርቅ ከመሳቢያው ሌላ ቅጽ አወጣ። የንብረት ማስረከቢያ ነው። ወንበር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ካልኩሌተር አንድ፣ ስቴፕለር አንድ።

"ለዓመት ፈቃድም ንብረት ይረከባል እንዴ?"

"ለዓመት ፈቃድማ አይረከብም" አለኝ፤ ዐይኔን ሳያይ። "በኋላ ኦዲት እንዳያስቸግረን ብዬ ነው።"

ከሁሉ ያጽናናኝ ኢንሹራንሱ ነው። ሼንገን በቪዛ የሚገባ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና መግዛት አለበት፤ ሽፋኑም ድንገተኛ ሕክምናን ብቻ ሳይሆን አስከሬን ወደ አገር መመለስንም ይጨምራል። ውሉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በሕይወት መመለሴን የሚያምን ሰው ቢጠፋም ሬሳዬ እንደሚመለስ የተጻፈ ማረጋገጫ በእጄ ገባ።

ሰፈር ውስጥ ወሬው ቀድሞኛል። የጎረቤታችን እትዬ ሶፋዬን ለማን እንደምተወው መጥተው ጠየቁኝ፤ ለሌላ ከመስጠቴ በፊት የእሳቸውን ጉርብትና እንዳስብ። ያልጠየቅኋቸው ዘመዶች ለማላውቃቸው ዘመዶች በርበሬ ቋጥረው መጡ። እናቴማ ሽሮና ቆሎ፣ የነጠረ ቅቤ፣ ለጉንፋን የሚሆን ዳማ ከሴ እያሰናዳች ማታ ማታ ታለቅሳለች። ለጥቂት ቀን ነው ብላት "እሺ" ትለኛለች፤ እሺታዋ የሚያባብል ነው። አንድ ቀን አልቻለችምና እጄን ይዛ "ልጄ፣ ለእኔ ብለህ እንዳትመጣ" አለችኝ።

መልሱ በታሸገ ፖስታ መጣ። ፓስፖርቴ ውስጥ ምንም አልተለጠፈም፤ አጠገቡ የተጣጠፈች ወረቀት አለች። የመከልከያ ምክንያቶች ተደርድረው ተጽፈዋል፤ በየፊታቸው ትንንሽ ሳጥን፤ ሳጥኑ ውስጥ ኤክስ። ስለ ገንዘቤ በቂ አለመሆን አንድ ኤክስ አለኝ። ሌላዋ ኤክስ በግርድፉ፣ የቪዛው ጊዜ ሳያልቅ ከአባል አገራቱ ለመውጣት ያለህ ሐሳብ ያጠራጥራል፣ ትላለች። ለእናቴ በአማርኛ ነገርኳት። ደንገጥ ብላ ጠየቀችኝ፦

"ማን ነገራቸው?"

መቼም ሐቁን እንናገር ከተባለ ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም። ለውድድር ሄዶ የጠፋ፣ ለሥልጠና ሄዶ የቀረ፣ ለባህል ትርኢት ሄዶ ከበሮውን ብቻ የመለሰ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ያወቀም ያደንቃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን ጠበቅ አድርጎታል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቻችሁን መልሶ ለመቀበል አልተባበራችሁም ነው ነገሩ። ለሌላው በ15 ቀን የሚታይ ማመልከቻ ለእኛ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፤ በየሚስዮኑ በጎ ፈቃድ አንዳንድ ሰነድ ሳያመጡ ማለፍም ቀረ። መንግሥት ለመንግሥት ተጣልቶ የእኔ የወይን መንደር መሐል ገባች።

እልህ ያዘኝና ደገምኩ። ጊዜው ግን ከእልኼ ጋር አልተስማማም። የማመልከቻው ክፍያ ሰኔ 4 ቀን 2016 ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ዩሮ በብር እጥፍ ገደማ ሆነ። ባንክ ያለችኝን ጥሪት አልነካኋትም፤ በዩሮ ስትመነዘር ግን ግማሿ የለም። መጀመሪያም አይበቃም የተባለ ገንዘብ ነው እንግዲህ።

በዚህ መሐል ዕቁብ ደረሰኝ። ዕጣው ሲወጣልኝ ቤቱ እልል አለ፤ ገንዘቡን ባንክ አስገባሁ። ፎርም የምትሞላው ልጅ ስቴትመንቱን ስታይ ግን አልተደሰተችም። ጥፍሯን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። "ይኼ ከየት መጣ ይሉዎታል። ሰው ለማሳያ አበድሮት ነው ነው የሚሉት።" የዕቁብ ነው አልኳት። "እንግዲያው ዕቁብዎ ይጻፍልዎታ።"

ዕቁባችን እሑድ እሑድ ከአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ ይሰበሰባል። ጽሕፈት ቤት የለው፣ ማኅተም የለው፤ ያለው ጸሐፊው በብብቱ የሚይዛት ጠርዟ በቅባት የወዛ ደብተር ናት። ጉዳዬን አስረዳሁ። ገንዘቡ የዕቁብ መሆኑን፣ ቀሪውን ዙር መጣል ስላለብኝም እንደምመለስ ጽፋችሁ ፈርሙልኝ አልኩ። እስከዚያ ጥሬ ሥጋው ላይ የነበረው እጅ ሁሉ ቆመ።

"ትመለሳለህ እንዴ?" አለ ባለሥጋ ቤቱ።

"እመለሳለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?"

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ጋራዥ ያለው አባላችን ወንድሙ "ለሁለት ሳምንት" ብሎ ሄዶ ልጁን እዚያው እንደዳረ፣ ሠርጉንም በስልክ እንዳዩት ተረከ። ሌላው የቀረብኝን ዙር በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዳኛው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ነገሩ ገቡ።

"ዋስህ ማን ነበር?"

"የእኅቴ ባል ነው፤ ገንዘቡን ስወስድ ፈርሟል።"

"እሱ የፈረመው ለአዲስ አበባ ነው። ለአውሮፓ አልፈረመም።"

ጉባኤው በአንድ ድምፅ "እውነት ነው" አለ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ እንደምመለስ የሚመሰክሩልኝ ሰዎች ባልመለስ የሚይዙትን የጠየቁኝ። በሚቀጥለው እሑድ የእኅቴ ባል የመኪናውን ሊብሬ ኮፒ ይዞ መጣ። ብዕሩን ከወረቀቱ በላይ ይዞ ዐይን ዐይኔን እያየ "የልጆቼ እናት እኅትህ መሆኗን ታውቃለህ አይደል?" አለኝና ፈረመ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በደስታ ተጻፈ። ጸሐፊው በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ "ታማኝና ዙሩን ሳያጓድል የሚጥል" አለኝ፤ አባላቱ ከነስልክ ቁጥራቸው ፈረሙ። ባለሥጋ ቤቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ማኅተም የሌለው ወረቀት ምኑን ወረቀት ሆነ?" ብሎ የሱቁን ማኅተም አመጣ። ተንፍሶበት ከዳኛው ፊርማ ላይ አሳረፈው። የበሬ ራስ አለበት። አስተርጉሜ አስገባሁት። አንድ የአውሮፓ ኤምባሲ መዝገብ ውስጥ ዛሬም ያ በሬ አለ።

አንድ ቀን ጋሼ ደወሉልኝ።

"ከኤምባሲ አንዲት ጨዋ ልጅ ስልክ መታችልኝ። ይመለሳል ብለው ያምናሉ ወይ አለችኝ።"

"ምን አሏት?"

"አላምንም አልኳት።"

"ጋሼ!"

"ቆይ እንጂ፣ አስጨርሰኝ። እኔ አላምንም፤ ግን ዋስ አለው፤ ከቀረ የዋሱን መኪና እንወስዳለን አልኳት። ሳቀች፤ አመስግናኝ ዘጋች።"

በዚያ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ቪዛው ተመታ። አንድ ጊዜ መግቢያ፣ ቀኑም በልኬ የተሰፋ።

ስለ ጉዞው ብዙ አላወራም። ሉክሰምበርግ ውስጥ ባቡርና አውቶቡስ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው፤ ሼንገን ድረስ ያለ ቲኬት ሄድኩ። መንደሯ ዳገቱ ላይ ወይን፣ ታች ወንዝ፣ መሐሉ ጸጥታ ናት። ድልድዩን የተሻገረ ጀርመን ነው። ጀርመን በመስከረም 2017 በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ መልሳለች ሲባል ሰምቼ ስለነበር ኢንሹራንሱን፣ የሆቴሉን ወረቀትና የዕቁቡን ደብዳቤ ኮፒ ሳይቀር በደረት ኪሴ ይዤ በልበ ሙሉነት ተሻገርኩ። ጠያቂ የለም። ተመለስኩ፤ ደግሞ ተሻገርኩ። ውሻዋን የምታናፍስ ሴትዮ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። ያን ሁሉ ወረቀት ያጠራቀመ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ "ወዲህ በል" ሊባል ይገባው ነበር፤ ተቀየምኩ።

ቦሌ ስደርስ የእኅቴ ባል መውጫው ላይ ቆሟል። አቀፈኝ፤ እንዲህ አቅፎኝ አያውቅም። ሰፈር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እትዬ ሶፋውን በዐይናቸው እየለኩ "ምነው፣ ያዙህ እንዴ?" አሉኝ። የለም፣ ጊዜዬ አልቆ ነው አልኳቸው። "አዬ፣ ክፉዎች ናቸው" ብለው አጽናኑኝ። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት እያለቀሰች፣ ለጎረቤት ግን "ጉዳዩን እየጨረሰ ነው፣ ተመላሽ ነው" ብላ ነግራልኛለች። መሥሪያ ቤት ወንበሬን ሌላ ሰው ተረክቦት አገኘሁ፤ ለማስመለስ ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ዕቁብ ላይ ጋራዥ ያለው አባላችን ተነሥቶ ደብዳቤ ጠየቀ። ጣልያን ሊሄድ ነው። ጋሼ ዋስ ጥራ ሲሉት ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ "ሄዶ የመጣ ሰው እሱ ነው፤ እሱ ይፈርምልኝ" አለ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለጉብኝት ነው የምሄደው ይላል። ጉብኝት! ይኼ ሰው እኮ እዚህ አፍንጫው ሥር ያለውን እንጦጦ ፓርክ እንኳ አይቶት አያውቅም። ወንድሙም እዚያው ነው። ብዕሩን ተቀበልኩና ከመፈረሜ በፊት የስድስት ወር ስቴትመንቱን እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት።