የሚንሸራተተው ሳሎን

አሜሪካኖች በመኪና ላይ የሚሠሩትን ቤት ማድነቅ ይገባል። አዝራር ሲጫኑ አንዱ ግድግዳ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሳሎኑ ይሰፋል። ዝናቡን የሚመክተው ዙሪያውን የተለጠፈ ጎማ ነው። የዚህ ሥራ መዲና ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና፣ ዝናብም በረዶም በደንብ ታውቃለች፤ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ለወለሉ የሚመረጠው ውሃ ሲያገኝ የሚያብጠው፣ በሙጫ የተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ድፍረት ይሏል ይህ ነው!

ጥገናውም ቁጥብ ነው። አንዲት የበሰበሰች ጥግ ልቀይር ያለ ሰው ወለሉን ሲያነሳ የግድግዳው እንጨት አብሮ ይነሳል፤ ግድግዳውን ሲፈታ ጣሪያው «እኔስ?» ይላል። ሁሉም ታድሶ ሲያልቅ ባለሙያው ይመክራል፦ «ብቻ ዝናብ እንዳያገኘው።»

ባለቤቱም ለቤቱ ቤት ይሠራለታል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል። ይኼኛው አያፈስም። እርግጥ ነው፣ አዝራር የለውም።