«ስትገባ ይሠራ ነበር»

በሰው አገር ተከራይና አከራይ በአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ይካሰሳሉ አሉ። እኛ መካኒሳዎች ከዚህ ጣጣ ተገላግለናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጥን ማቀዝቀዣውን ፈጣሪ ያለ ውል ገጥሞልናል፤ ሐምሌ ላይ እንዲያውም የሚያጠፋልን አጣን።

የእኛ ጉድ የውሃ ፓምፕ ነው። ውሃው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ይመጣል፤ ፓምፑ ገፍቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ መሙላት ነበረበት። የእኔው ተቃጠለ፤ ለአከራዬ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ፓምፑ ተቃጥሏል።»

«ውይ ልጄ! ስትገባ እኮ ይሠራ ነበር።»

በዚህ ስሌት እኔም ስገባ ፀጉር ነበረኝ፤ ማንን ልጠይቅ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የበርና የመስኮት፣ የቧንቧም ዓይነቱን ጥቃቅን እድሳት ለተከራይ ይሰጥና፣ በእርጅና የመጣውን ብልሽት ግን ከትከሻው ያወርድለታል። ታዲያ የፓምፑን ዕድሜ ማን ይመስክር? የልደት ካርድ የለው! አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ኪራይም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያሳውቀው መጠን ብቻ እንዲጨምር ደነገገ። እትዬም ጭማሪው ቢታገድባቸው ጥገናውን አገዱ።

ሦስት ሳምንት ጀሪካን ተሸክሜ፣ ትናንት ሞተሩን በራሴ ኪስ አስጠቀለልኩት። ዛሬ ጠዋት እትዬ በዚያው ውሃ ምንጣፋቸውን ሲያሳጥቡ ደረስኩ።

«ድምፁ ግን በዝቷል፣ ልጄ» አሉኝ፤ «አሠራው እንጂ።»