4 ሰዓት ተኩል ላይ፦ ባህል

ከውጭ አገር ለሚመጡ ዕጩ መምህራን «የባህል ልምድ» የሚባለውን መርሐ ግብር ለሚያወጡ ሰዎች እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝናል። ሦስት ሺህ ዓመት እያልን የምንፎክርበትን ነገር በሁለት ሳምንት፣ ያውም ከቁርስና ከሙቅ ሻወር ጋር አጣጥሞ ማስረከብ ቀላል ሙያ የመሰለው ካለ ይሞክረው። 3 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ጉብኝት፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የቡና ሥነ ሥርዓት፣ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ፣ ማታ እስክስታ። እሑድ «ነፃ ጊዜ» ነው። ባህልም ዕረፍት ያስፈልጋታል።

ቡናውን እንየው። እኛ አቦል ጠጥተን፣ ቶናን ጠብቀን፣ በረካ ሳይደርስ ከተነሣን «ምን አስቸኮለህ?» የምንባል ሥራ ፈቶች ነን። ለእንግዶቹ ግን አንድ ስኒ ይበቃል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ስትቀዳ ካሜራው ካልያዛት እንደገና ትቀዳለች። ሁለተኛው ሳይፈላ ሚኒባሱ ሞተሩን ያስነሣል። የዕቁብ ክርክሩ፣ የልጅ ክሱ፣ የጎረቤት ሐሜቱ በአስተርጓሚ አይመችምና ከመርሐ ግብሩ ተሰርዟል።

ሚኒባሱ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሠፈር በኩል ካለፈ ደግሞ ማንም አንገቱን አያዞርም። ምን አለና! ሰው ይኖርበታል እንጂ ባህል የለበትም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ የከረመው አትክልት ተራ በ2013 ዓ.ም. ወደዚህ መጥቷል። ሌሊት መኪኖቹ ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን ጭነው ይገባሉ፣ ጫኝና አውራጁ «ዞር በል!» እያለ ይሮጣል፣ ደላላው ገና ያልወረደውን ጭነት ሁለት ጊዜ ይሸጣል። ጎሕ ሲቀድ ሁለት የጉልት ነጋዴዎች በጋራ የገዙትን አንድ ጆንያ ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግፈው ይካፈላሉ። ትልቁን ከትንሹ ይለያሉ፤ የበሰበሰው በማን ድርሻ እንደሚገባ ይከራከራሉ፤ የተሸካሚውንና የታክሲውን ሒሳብ ደምረው አንዱ መደብ ስንት ቢሸጥ እንደሚያዋጣ ያለ ወረቀት ያወጡታል። ሒሳብን እንዴት ላስተምር ብሎ ውቅያኖስ ያቋረጠ ዕጩ መምህር ይህን ቢያይ ይጠቅመው ነበር። ግን ሴቶቹ የለበሱት ሹራብና የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ፎቶ አይወጣላቸውም። ደግሞም በዚያ ሰዓት እንግዳው ተኝቷል።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ የማስተማሩ ሥራ ይቆማል። ትምህርት ሊማሩ ለመጡ መምህራን ክብር ሲባል ትምህርት ይቋረጣል። ልጆቹ በሰልፍ ያጨበጭባሉ፤ እንግዳዋ እጇን ራሷ ላይ፣ ቀጥላ ትከሻዋ ላይ፣ ከዚያ ጉልበቷ ላይ እያደረገች በእንግሊዝኛ ታዘምራቸዋለች። ይህን መዝሙር ልጆቹ ከአምና እንግዶች፣ ከዚያ በፊትም ከካቻምናዎቹ ተምረውታል። ጨዋ ልጆች ናቸውና እንደ አዲስ ይደነቃሉ። ማታ በማስታወሻ ደብተር ላይ «ዛሬ ሕይወታቸውን ነካሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ክሬዲትም ይያዛል።

የድሮዎቹ ይህን ብልኃት አላወቁም ነበር። በ1955 ዓ.ም. መባቻ 280 ገደማ የሚሆኑ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ሲመጡ የሚቆዩት ሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ፈተና አርመዋል፣ ቤት ተከራይተዋል፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ «ወደ አገራችሁ ሂዱ» የሚል የተማሪ ሰልፍም አይተዋል። የኛዎቹም ከዚያ አልተሻሉም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት አገልግሎት መስጠት ነበረበት፤ አብዛኛው ገጠርና ክፍለ አገር ሄዶ አስተማረ። ያ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጅ የአገሩን ሰው ያወቀው ቁንጫ እየበላው ነው። በ15 ቀን የሚያልቀውን ነገር ምን ያንዛዛዋል?

ዛሬም እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አልጠፋም። ከኮተቤ ዩኒቨርሲቲ ታክሲ እየቀያየረ በሀይሌ ጋርመንት ወዳለ ትምህርት ቤት የሚመጣው የኛው ዕጩ መምህር አለ። ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ ነው። ቄጠማ አይጎዘጎዝለትም፤ «ደብዳቤህ ማኅተም አለው?» ይባላል። መምህራን ክፍል ውስጥ ወንበር ስለማይተርፍ በር ላይ ይቆማል። ከምሳ በኋላ ያለውን፣ ማንም የማይፈልገውን 7ኛ ክፍል ያስረክቡታል። ያስተምራል፣ ይጮኻል፣ ጠመኔ ያልቅበታል፣ ከኪሱ ይገዛል። በዚያው ሳምንት ፈረንጆቹ ከመጡ ደግሞ ወንበር እንዲያመላልስ ይታዘዛል፤ እንግሊዝኛው ደህና ከሆነም ያስተረጉማል። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው። እንግዳ ተቀባይነታችንን ለሚጠራጠር፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀት እናሳየው። ፈረንጆቹ ቢወቀሱ እንኳ እኛ በጭብጨባ ከተቀበልነው በላይ አልጠየቁም።

እንግዲህ አዘጋጆች ሆይ፣ ቀሚሱንም ዕጣኑንም አንከለክላችሁም። ብቻ የውጭውን ዕጩ መምህርና የኮተቤውን ልጅ ለአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ 7ኛ ክፍል አስረክቧቸው፤ ወንበሩንም አብረው ይፈልጉ። ቡናው አያሳስባችሁ፣ የሠፈሩ ሴቶች እስከ በረካ ያጠጧቸዋል፣ ሐሜቱንም ይጨምሩላቸዋል። ጉብኝት ካስፈለገም አትክልት ተራው ከሌሊት ጀምሮ ክፍት ነው፤ መግቢያ አያስከፍልም።