ብረት ሆዴን አይከፍተውም!

እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ስለ ሮቦት ቀዶ ሕክምና ሰው የሚመክሩ ወገኖቻችን ሁሉ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሮቦቱን አይተውት አያውቁም። እንደ እነሱ ከሆነ ሮቦቱ ቢላውን ይዞ በራሱ ጊዜ ወደ በሽተኛው ይመጣል፤ ሐኪሙ ውጭ ቡና እየጠጣ ነው። መብራት ቢጠፋስ? ቫይረስ ቢገባውስ? «የሰው እጅ እያለ ብረት ሆዴን አይከፍተውም!» ይላሉ፤ እስከ ዛሬ ሆድ ሲከፈት የኖረው በቅቤ ይመስል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ፈቃድ ያገኘው ዳ ቪንቺ የተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት ግን፣ ይቅር ይባልለትና፣ እንዲህ ያለ ወኔ የለውም። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ተቀምጦ ፊቱን መመልከቻው ላይ ይደፋል፤ ጣቶቹን መቆጣጠሪያው ውስጥ ያስገባል። አራቱ ክንዶች እሱ ያዘዘውን ብቻ ይሠራሉ። ሐኪሙ ጭንቅላቱን ቀና ካደረገ ማሽኑ ባለበት ቀጥ ይላል። ያለ ጭንቅላት አይንቀሳቀስም ማለት ነው! ምላስ ያለ ጭንቅላት መንቀሳቀስ በለመደበት ሰፈር እንዲህ ያለ ፍጡር ቢጠላ አይፈረድም።

ሐኪሙ ሩቅ ቢቀመጥም አዛዡ ያው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዣክ ማሬስኮ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ኒው ዮርክ ተቀምጠው ስትራስቡርግ የተኙ የ68 ዓመት እናት የሐሞት ከረጢት በሮቦት አወጡ። ሴትዮዋ ድነው ቤታቸው ገቡ። ወሬው ግን እስካሁን ውቅያኖሱን አልተሻገረም።

እነዚሁ ጠንቃቆች ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው የላቦራቶሪ ውጤታቸውን በስልክ ፎቶ ያነሱና ለቻትጂፒቲ ይልካሉ። ሆዳቸውን ዳስሶ አያውቅ፣ የሥራ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለ! «ደህና ነዎት» ካላቸው የደም ግፊት ክኒናቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለምን ቢሏቸው፣ «እሱ አይቆጣም፤ ቀጣይ በሽተኛ ይግባ ብሎም አያስወጣኝም።» እዚህ ላይ እንኳ እውነት አላቸው።

ሮቦት አይጠረጠርም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ በጅምሩ የተገኘ የማኅፀን በር ካንሰር ኖሯቸው በትንንሽ ቀዳዳ ከተሠሩት ሴቶች (በሮቦት የተሠሩትም አሉበት) ይልቅ ሆዳቸው ተከፍቶ የታከሙት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ይህን የሚያነሳ አማካሪ ግን አልገጠመኝም። «ዶክተር፣ እርስዎ በዚህ መሣሪያ ስንት ሰው ሠርተዋል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅማ ድፍረት ነው፤ ይቀየማል። ጎረቤት ይጠየቅ። ጎረቤት ከሌለ ቻትጂፒቲ አለ፤ ምንም ቢጠይቁት አይቀየምም፣ «አላውቅም» ብሎም አያሳፍርም።