አኳሪየም የማን ነው? የሳሎን እርሻን ባለቤትነት የሚመረምር አጭር ጥናት

በሳሎን ጥግ የሚቀመጥ አኳሪየም የዓሣ ቤት ነው የሚለው አስተያየት በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ማንም ሳይመረምረው በመቅረቱ ነው። ዓሣው ይታያል፣ ስም ይወጣለታል፣ ከእንግዳ ጋር ይተዋወቃል፤ ከዚህ ተነሥቶ የቤቱ ጌታ እርሱ ነው ተባለ። ሥራው፣ ወጪውና ምርቱ ግን ሌላ ይመሰክራሉ። ገንዳው በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ የአልጌ እርሻ ነው፤ ዓሦቹ የማዳበሪያ ፋብሪካ ናቸው፤ ገንዳውን የገዛው ሰው ደግሞ ደመወዝ የሌለው የቀን ሠራተኛ ነው።

ከምግቡ እንጀምር። ጠዋት ማታ እየተቆነጠረ የሚነሰነሰው ደረቅ ምግብ፣ የተበላው በዓሣው ሆድ ዞሮ፣ ያልተበላው በአቋራጭ አሸዋው ላይ በስብሶ፣ አሞኒያ ይሆናል። ለዓሣ መርዝ የሆነውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ማጣሪያው ሥራውን በሚገባ ሠራ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። ከምግቡ የሚወጣው ፎስፌት ሲታከልበት፣ ገበሬ በዩሪያና በዳፕ መልክ ገዝቶ ማሳው ላይ የሚበትነው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በውኃ ተበጥብጦ ተገኘ ማለት ነው። ለውኃ ተክሎች በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል የበራ መብራት ይበቃል፤ ሠራተኛው ግን እንግዳ ሊመጣ ይችላል በሚል ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ያበራዋል። ዓሣው ከዚህ ምን አተረፈ? ያን ያህል ብርሃን አያስፈልገውም፤ ናይትሬት ሲበዛበትም ይጎዳል። ለአንዱ ጉዳት፣ ለሌላው ቀለብ የሆነ አሠራር ለማን እንደተዘረጋ ለመገመት ብዙ መመራመር አይጠይቅም።

አንዳንዶች አልጌ በል ፍጡር ማስገባት ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል ይላሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ዓሣና የውኃ ተክል በአንድ ዕቃ ተደጋግፈው መኖር እንደሚችሉ ያሳየበትን ሙከራ ሲያቀርብ፣ የበሰበሱ ቅጠሎችና አረንጓዴው አተላ ውኃውን ስላደፈረሱበት ቀንድ አውጣ ለመጨመር ተገዶ ነበር። ዘመናዊው አኳሪየም ገና ሲወለድ አልጌው ቀድሞ ገብቶበታል። የዛሬዎቹ ደግሞ ፕሌኮ ይገዛሉ። ይህ ዓሣ ጣት አክሎ ይሸጣል፤ የተለመደው ዝርያ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ የበላውንም ያወጣዋል፤ ስለዚህ ለእርሻው አቅሙ ከፍ ያለ ሁለተኛ ፋብሪካ ተከፈተለት። መድኃኒት የሚመርጡም አሉ። የሞተ አልጌ ግን በስብሶ ማዳበሪያውን ለልጆቹ ያወርሳል፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ የዋሪንግተንን ቀንድ አውጣ ይገድላል።

ሰማያዊ አረንጓዴው ልጋግ አልጌ ሳይሆን ሳይኖባክቴሪያ ነው የሚል ተቃውሞም ይነሣል። እውነት ነው፤ ውጤቱ ግን ጌቶቹን ሁለት ማድረግ ብቻ ነው። ከ2 ቢሊዮን ዓመታት በፊት የምድርን አየር በኦክስጅን መሙላት የጀመሩት የዚህ ወገን አባላት ናቸው። በመሆኑም ሠራተኛው ደመወዝ የለውም የተባለው ሊታረም ይገባል፤ መስታወቱን ሲፈገፍግ በሚስበው ትንፋሽ ቅድሚያ ተከፍሎታል። በስምጥ ሸለቆው ጪቱ ሐይቅ ፍላሚንጎ የሚቀልበው አርትሮስፒራም የዚሁ ወገን ነው፤ ይኸው ዘመድ ደርቆና ተፈጭቶ ስፒሩሊና ሲባል፣ ሳሎኑ ውስጥ የሚፈገፍገው ሰው ለጤናዬ ብሎ በገንዘቡ ይገዛዋል።

መብራቱን በሰዓት መወሰን፣ ዓሣው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ መመገብ፣ ናይትሬቱን የሚሻሙ ፈጥነው የሚያድጉ ተክሎችን መትከልና በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውኃ መቀየር አልጌን እንደሚቀንስ አይካድም። ይህ ክርክሩን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ከአራቱ አንዱም አልጌውን ራሱን አይነካም፣ ሁሉም የብርሃንና የማዳበሪያ አቅርቦቱን ያጓድላሉ። ሠራተኛ ሥራውን ሲያጓድል ምርት መቀነሱ ደግሞ በየትኛውም እርሻ የታወቀ ነው። ንጹሕ መስታወት ለሚሻ ሁሉ እንግዲህ የዚህ ጥናት ምክር በሥርዓት የተያዘ ስንፍና ነው። ጉልበት የሚጠይቀው ውኃ መቀየሩ ብቻ ነው፤ የተቀዳውም ጓሮ ጎመን ላይ ቢደፋ፣ ማዳበሪያው ምርቱ ወደሚበላ እርሻ ይዛወራል።